ውሻ ሲነክስ ምን እናድርግ? ከቧንቧው እስከ መጨረሻው መርፌ

ልጅ ባቱን በውሻ ተነክሶ እያለቀሰ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ውሻ ነው?» የሚለው ነው። ቀጥሎ «ያበደ ይመስላል?» ይመጣል። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ኧረ እሱ ጤነኛ ነው፣ ሁሌ እዚሁ በር ላይ ነው የሚውለው» ይላል። ሌላው ባለቤቱን ሊፈልግ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ያልፋል። ቁስሉን ግን እስካሁን ማንም አላጠበውም።

እዚህ የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው። መጀመሪያ ውሃና ሳሙና፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ። የውሻው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን እንደዚህ እንደምንቸኩል ለመረዳት በሽታውን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ፣ ሐኪሞች ሬቢስ የሚሉት፣ በቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በታመመው እንስሳ ምራቅ ነው። በንክሻው ቁስል ከገባ በኋላ ነርቭ ተከትሎ ወደ አንጎል ያቀናል። ጉዞው ቀርፋፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እስኪታይ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። በሳምንት የሚያሳይ አለ፣ እስከ ዓመት የሚቆይም አለ። የእኛ ዕድል ያለው እዚህ ቀርፋፋነቱ ላይ ነው። ክትባት በጊዜ ከተጀመረ ሰውነት ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ይቀድመዋል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው። ከ10 ሟቾች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ከውሻ የመጣ ነው።

ደረጃ 1፦ 15 ደቂቃ ማጠብ

ተነካሹን ወደ ቧንቧ ውሰዱት። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። የስልካችሁን ሰዓት ሙሉት፣ ምክንያቱም በግምት ከሆነ ሦስት ደቂቃው 15 ይመስላል።

የሳሙናው ዓይነት አያሳስባችሁ። የገላም ይሁን የልብስ፣ ደረቅም ይሁን ፈሳሽ ይሠራል። የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ስብ ነው፣ ሳሙና ደግሞ ስብን ያፈርሳል። ስለዚህ ይህ እጥበት ቆሻሻ ከማስለቀቅ ያለፈ ሥራ አለው፤ ቁስሉ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ይቀንሳል። ከሁሉም ደረጃ ርካሹ ይሄ ነው። የሚዘለለውም ይሄው ነው።

የውሻ ጥርስ ብዙ ጊዜ ጠባብና ጠለቅ ያለ ቀዳዳ ይተዋል። ላዩን ብቻ አርጥባችሁ አትተዉት። ውሃው ቀዳዳው ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፣ ሳሙና ቀቡ፣ አለቅልቁ፣ እንደገና ቀቡ። ግን በብሩሽ አትፈግፍጉት፣ ሥጋውን የባሰ ያቆስለዋል።

ውሃ የጠፋበት ቀን ከሆነ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ አፍስሱ። አንድ ሰው ያፍስስ፣ አንዱ ይጠብ። የሚያጥበው ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርግ። ጓንት ከሌለ ንጹህ ፌስታል እጁ ላይ ያጥልቅና ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ምራቁ የነካው ዓይን ወይም አፍ ከሆነ ሳሙናውን ትታችሁ በንጹህ ውሃ ብቻ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

ደሙ በኃይል የሚፈስ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙትና በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። እጥበቱ እዚያ ይደረጋል።

ከታጠበ በኋላ ቤታዲን ወይም የቁስል አልኮል ካለ ቀቡ። ከሌለ ፍለጋ አትባክኑ። ከዚያ ውጪ ምንም ነገር አይደረግበትም። ቡና አትነስንሱ። አመድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ናፍታ፣ ምንም። በአፍ መምጠጥ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እግሩን በገመድ ጠፍሮ ማሰር የሚባሉት ሁሉ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። በፕላስተር አጥብቆ መዝጋትም አይመከርም። ክሊኒክ ስትደርሱ ቁስሉን ቶሎ ሊሰፉት ከፈለጉ «የውሻ ንክሻ ነው» ብላችሁ አስታውሱ። የውሻ ንክሻ ከተቻለ ሳይሰፋ ይቆያል። የግድ ከሆነ ደግሞ ከታች የምናነሳው ልዩ መድኃኒት ቁስሉ ዙሪያ ከተወጋ በኋላ ነው የሚሰፋው።

ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል ማልቀሱ አይቀርም። አትቆጡት። «ማን ውሻ ንካ አለህ!» ከተባለ በሚቀጥለው ጊዜ ቢነከስም አይናገርም። ብዙ ልጅ ቁጣ ፈርቶ ንክሻ ይደብቃል። ይህ ከቁስሉ በላይ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ንክሻው የትኛው ዓይነት ነው?

ባለሙያዎች ንክኪውን በሦስት ይከፍሉታል። እናንተም ይህን ብታውቁ ስትናገሩ ትጠቅሙበታላችሁ።

አንደኛው፣ ውሻውን መንካት፣ ማብላት፣ ወይም ምንም ቁስል የሌለበት ቆዳ መላስ ነው። ይህ ክትባት አያስፈልገውም። የላሰውን ቦታ መታጠብ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ ጥርሱ ወይም ጥፍሩ ቆዳውን ጫር አድርጎ ደም ሳይፈስ ሲቀር ነው። ክትባት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ቆዳ የበሳ ወይም ያደማ ንክሻና ጭረት፣ የቆሰለ ቆዳ መላስ፣ ወይም ምራቅ ዓይን፣ አፍ ወይም አፍንጫ ውስጥ መግባት ነው። ክትባትም፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ላይ ሰው በጣም ይዘናጋል። «ጫረኝ እንጂ አልነከሰኝም» ይባላል። ወይም ሱሪው ስላልተቀደደ ምንም አልሆንኩም ተብሎ ይታለፋል። ሱሪው ሳይቀደድ ቆዳው ሊቆስል ይችላል። አውልቃችሁ በብርሃን እዩ። ፊት፣ ራስ፣ አንገትና እጅ ላይ የደረሰ ንክሻ ደግሞ የበለጠ ያስቸኩላል። ለአንጎል ቅርብ ነው፣ ወይም ነርቭ የበዛበት ቦታ ነው። ትንሽ ልጅ ቁመቱ ከውሻው ጋር ስለሚስተካከል ብዙ ጊዜ የሚነከሰው እዚሁ ላይ ነው።

ድመትም፣ አህያም፣ ላምም ይህን በሽታ ያስተላልፋሉ። አይጥ ነክሶ ሬቢስ ማስተላለፉ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ደረጃ 3፦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም

«ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አይባልም። በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ክትባቱ ሁሉም ቦታ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከቻላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ። አንዱ «የለም» ካለ የት እንዳለ እዚያው አስጠይቁና ቀጥሉ። ገጠር ከሆናችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወዴት እንደሚኬድ ትነግራችኋለች። አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ይላል። ፓስተር የሚሉት ጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ዱሮ በስሙ ይጠራ የነበረው ሉዊ ፓስተር፣ በሐምሌ 1885 (እ.ኤ.አ.) በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በመከተብ የታወቀው ፈረንሳዊ ነው።

ባለሙያው ፊት ስትቀርቡ እነዚህን ተናገሩ፦ መቼ ተነከሰ፣ የት ቦታ፣ ደምቷል ወይስ አልደማም፣ ውሻው ባለቤት አለው ወይ፣ ተከትቧል ወይ፣ ሳይነካ ነው የነከሰው ወይስ ጭራው ተረግጦ፣ ታጥቧል ወይ። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተወሰደም ይጠየቃል። ከንክሻው ጋር የሚመጣ ሌላ ኢንፌክሽን ስላለ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝም ይችላል።

ትልልቆቹ ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት የሚወጋውን መርፌ ያስታውሳሉ። ያ ከበግ አንጎል የሚሠራው የዱሮው ክትባት ነው። ሀገራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ክትባት የሚሸሸው ያንን ፈርቶ ነው። ዘመናዊው እንደዚያ አይደለም። የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ጭን ላይ። መቀመጫ ላይ አይወጋም። አንዱ የታወቀ አሰጣጥ በ0፣ በ3፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን ነው። 28ኛው ቀን የሚጨመርበትም አለ። ሌሎች አሰጣጦችም ስላሉ የተሰጣችሁን ካርድ ተከተሉ። 0 ቀን የሚባለው የመጀመሪያው መርፌ የተወጋበት ቀን ነው፣ የተነከሰበት ቀን አይደለም።

ሁለት መርፌ ወስዶ «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት የተለመደ ነው። ደህና ነኝ ማለቱ ምንም አይነግረንም፤ ቫይረሱ በጉዞ ላይ ሳለ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ቀኖቹን የቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡና ስልክ ላይም ሙሉ።

ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚሰጠው ለሦስተኛው ዓይነት ንክሻ ነው። ክትባቱ ሰውነትን እስኪያነቃ ቀናት ይፈጃል፣ ይህ ደግሞ እዚያው ቁስሉ ዙሪያ ተወግቶ ወዲያው ይሠራል። ክትባቱ ከተጀመረ 7 ቀን ካለፈው በኋላ አይሰጥም። ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ከጠፋ ግን ክትባቱ መቆየት የለበትም። ማጠብና ክትባት ብቻውንም ብዙ ሰው አትርፏል።

ክትባቱን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አምጡ ከተባለ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ አድርጉ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። በበረዶ መያዣ ተሸክማችሁ በቀጥታ ወደሚወጋው ሰው ውሰዱት እንጂ ኪስ ውስጥ ይዛችሁ ታክሲ አትጠብቁ። በቀጥታ በረዶው ላይ አስቀምጣችሁ እንዳይረጋም ተጠንቀቁ።

እርጉዝ ሴት ትከተባለች። የምታጠባም፣ ሕፃንም ይከተባል። ከተነከሰ ሳምንት ወይም ወር ያለፈው ሰውም ምልክት እስካልታየበት ድረስ ይሂድ። ዘግይቻለሁ ብሎ መተው አይገባም።

ጸበሉና ቅጠሉ

ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ከክሊኒክ በፊት የሚሄዱበት ይበዛሉ። ለጸበል መሄድ የሚፈልግ ሰው አይከልከል። ግን ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፣ ቀጠሮው ሲደርስም ወጥቶ ይወጋ። ሁለቱ አይጣሉም።

የሚጠጣው የቅጠል መድኃኒት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእብድ ውሻ ተብለው ከሚሰጡት ዕፅዋት መካከል ራሳቸው መርዝ የሆኑ አሉ። «እሱ ጠጥቶ ድኗል» የሚለው ምስክርነት ደግሞ ቀላል ማብራሪያ አለው። በጤነኛ ውሻ የተነከሰ ሰው ምንም ባይጠጣም ይድናል። ያበደ ውሻ ነክሶትም ሳይታመም የሚቀር አለ። መድኃኒት አዋቂው ምስጋናውን ይወስዳል። የሞተው ደግሞ አይመሰክርም።

ደረጃ 4፦ አሁን ውሻው

ውሻውን አትግደሉት። መንደሩ ዱላ ይዞ ሲወጣ ይህን መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን በሕይወት ያለ ውሻ መረጃ ነው። ባለቤት ያለውና የሚያዝ ከሆነ ለ10 ቀን ታስሮ ወይም ግቢ ተዘግቶበት ይጠበቅ። ከ10 ቀን በኋላም ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። ይህ ለድመትም ይሠራል። ለሌሎች እንስሳት አይሠራም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ 10 ቀን የሚጠበቀው ክትባት ተጀምሮ ነው። «ውሻውን እንየውና ከዚያ እንከተባለን» የሚለው ሐሳብ ውድ ቀናት ይበላል። የጠፋ ወይም የማይታወቅ ውሻ ከሆነ ሙሉውን ክትባት መጨረስ ነው።

ውሻው በእነዚህ ቀናት ከሞተ ወይም ከታመመ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ራሱን የመቱት ውሻ ለምርመራ አይመችም። ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ።

ያበደ ውሻ ሁልጊዜ አፉን አረፋ ሞልቶ የሚሮጥ አይደለም። ጠባዩ መለወጡን እዩ። ጨዋው ይቆጣል፣ ቁጡው ይለማመጣል። እንጨት፣ ድንጋይ፣ አፈር ይነክሳል። ጩኸቱ ይሻክራል። ጨለማ ቦታ ይደበቃል፣ ይንገዳገዳል። አገጩ ይወርድና ምራቁ ይዝረበረባል። ይህ የመጨረሻው አሳሳች ነው። መዋጥ ሲያቅተው ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይሰዳል። ለከብትም ያው ነው። መዋጥ ያቃታት ላም አፍ ውስጥ ሳትጠይቁ እጅ አታስገቡ። በዚህ በሽታ የምትጠረጠር ላም ወተቷ አይጠጣም፣ ሥጋዋም አይበላም። ሳያውቅ ጥሬ ወተቷን የጠጣ ሰው ካለ ጤና ባለሙያ ያማክር።

ደረጃ 5፦ የራሳችሁን ውሻ መከተብ

ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተባል። ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። «የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም» የሚል ሰው በሩ ሥር ምን እንደሚገባ ይይ። ድመት ትገባለች፣ የሰፈር ውሻ አጥር ይዘላል፣ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ይረሳል። ካርዱን የልጆቹ የክትባት ካርድ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ ንክሻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። የተከተበ ውሻችሁ በማይታወቅ ውሻ ከተነከሰም ቶሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፣ ተጨማሪ ክትባት ይሰጠዋል።

የእኛ ውሾች ያለመከተብ ዳፋው ለሰው ብቻ አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከገበሬ ውሾች በተሻገረ ሬቢስ በብዛት ሞተዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም።

ክትባት ለማስወጋት በሄዳችሁበት የትል መድኃኒትም አስጨምሩ። በበዓል በግ ስናርድ የሚጣለው ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ። ውሻው ያንን ከበላ ሆዱ ውስጥ ትል ይሆንና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚያድግ እባጭ ይሆናል፣ አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ሥጋ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ደህና የሚመስለውንም ቀቅላችሁ ስጡት።

ለልጆች የሚነገር

ረጅም ምክር አይዙም። እነዚህ ይበቃሉ። የሚበላ፣ የተኛ ወይም ቡችላ የምታጠባ ውሻ አይነካም። ታስሮ ያለ ውሻ ጋ አይጠጉም። ውሻ ከመጣ አይሮጡም፤ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ዓይኑን ትኩር ብለው አያዩም። ከጣላቸው ተጠቅልለው ፊታቸውንና አንገታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ከተነከሱ፣ ከተጫሩ ወይም ቁስላቸውን ከላሳቸው ዕለቱን ይናገራሉ።

ከውጭ ለምትመጡ

ለእረፍት ልጆች ይዛችሁ ሀገር ቤት የምትመጡ፣ በተለይ ገጠር ለመቆየት ካሰባችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ቅድመ ክትባት ሐኪማችሁን ጠይቁ። በ0 እና በ7ኛው ቀን የሚሰጥ ሁለት መርፌ ነው። ይህን የወሰደ ሰው ቢነከስም ማጠቡና ሐኪም ጋ መሄዱ አይቀርለትም። ግን በ0 እና በ3ኛው ቀን ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዋል፣ ያ ውድና የማይገኘው ኢሚዩኖግሎቡሊንም አያስፈልገውም።

ከኢትዮጵያ ውሻ ወደ አሜሪካ ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ጊዜ ስጡት። ሀገራችን የውሻ ሬቢስ ከሚያሰጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚተከል መለያ) ያለውና የክትባት ማስረጃው የተሟላ መሆን አለበት። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ይተከል፤ ቺፕ ሳይኖረው የተወጋው ክትባት አይቆጠርለትም። የደም ምርመራና አስቀድሞ የሚያዝ ቀጠሮም ስላለ ትኬት ከመቁረጣችሁ ከወራት በፊት ጀምሩ።